እቅዱ የማን ነው?

(ለአዲስ አንባቢያን በሬዲዮ ከቀረበ የታሪክ ንግግር)

  ዛሬ ስለ ድህነትና ስለ እቅድ እንነጋገራለን። ነገሩን የምጀምረው ግን ከራሴ ጥፋት ነው።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ተመርቄ ሥራ የጀመርሁት በጎንደር ደጋ፣ በአንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ነው። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው ሲጠፋ አስተማሪ ይጠራል። አንድ ቀን እኔም ተጠራሁ። ለከብት መጠጫ የሚሆን ኩሬ ይቆፈር የሚል እቅድ ከላይ መጥቷል። ቦታውም ተመርጧል። ስብሰባው ገና ሳያልቅ «ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍሁ።

ከዚያ ሰዉ ተራ በተራ እየመጣ የጣት አሻራውን አደረገ። አንዲት አሮጊት እናት ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ ካሳረፉ በኋላ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ እዚህ ላይ ምን አልሁ?» ብለው ጠየቁኝ።

ምን ልበላቸው? ምንም አላሉም። ማንም አልጠየቃቸውም። እኔ ግን ተስማምተዋል ብዬ ጽፌአለሁ።

ኩሬው ተቆፈረ። በክረምት ሞላ። ጥር ሳይገባ ደረቀ። ኋላ እኒያን እናት መንገድ ላይ ባገኛቸው፣ «ያ አፈር ውኃ ይጠጣል እኮ! በልጅነቴ ከብት ጠብቄበታለሁ። ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ።

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ስለዚህ «እቅዱ የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ይዤ የአገራችንን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርሁ። ያገኘሁትን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን እንዴት ያቅዱ ነበር?

እቅድ ማለት ምን ማለት ነው? እቅድ ማለት ሥራን ከመጀመር በፊት አስቦ መወሰን ነው። ምን እንሠራለን? መቼ እንሠራለን? በማን ጉልበት? በምን ገንዘብ? እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ እቅድ ነው።

ታዲያ እቅድን ያመጣልን ቢሮ ነው ወይ? አይደለም። ደቦን ተመልከቱ። ጤፉ ደርሷል። ሰማዩ ደመና ነው። ባለቤቱ ጎረቤቱን ይጠራል። ቀኑ ይቆረጣል። ሚስቲቱ ጠላውን ትጠምቃለች፤ እንጀራውን ትጋግራለች። ስንት ሰው እንደሚመጣ ታውቃለችና እህሉን በልክ ትሰፍራለች። ወንፈልም እንዲሁ ነው። ዛሬ የእኔን፣ ነገ የአንተን እናርሳለን። የሠራና ያልሠራ ይታወቃል። እድርም ቢሆን ገንዘብ ያዥ አለው፤ ዳኛ አለው፤ ሕግ አለው።

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የመንግሥታቸው መቀመጫ ያደረጓት በ1628 ዓ.ም. ነው። ግንቡን ያቀደው ንጉሥ ነው። ደቦውን ያቀደው ግን ጎረቤት ነው። ሁለቱም እቅድ ነው።

በሰሜን ሸዋ በመንዝ ደግሞ ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድር አለ። የአካባቢው ሰዎች ሣሩን በጋራ ሕግ ይጠብቁ ነበር። ለዓመታት ይዘጉታል። ሣሩ ሲጠነክር በስምምነት ይከፍቱታል። ለቤት ክዳን የሚያጭድ ያጭዳል፤ ከብቱን የሚያሰማራ ያሰማራል። ይህ ሥርዓት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይቷል።

ነገር ግን የድሮውን ሁሉ አናመስግን። በሽማግሌዎች ሸንጎ ሴቶች እምብዛም አይናገሩም ነበር። መሬት የሌለው ሸማኔና ሸክላ ሠሪም አይሰማም ነበር። ደቦም ቢሆን ጠላ መጥመቂያና እንጀራ መጋገሪያ እህል ላለው ሰው ይቀላል። ምንም የሌለው ድሀ በምን ይጠራል? ይህን ልብ በሉ፤ ወደፊት እንመለስበታለን።

ከጎንደር የተነሡ ጠያቂዎች

በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ ሜዳ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ጨረሰ። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው።

ይህ ኮሌጅ አንድ አዲስ ነገር አመጣ። ተማሪዎቹ በክፍል ብቻ አልተማሩም። የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኛው አንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ። ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ? ስንት ልጅ ሞተባችሁ? በምን በሽታ? ከጠየቁ በኋላ ሥራቸውን ያቅዳሉ።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሐኪም በሽተኛውን ሳይጠይቅ መድኃኒት አይሰጥምና። ይሁን እንጂ ጠያቂውም አቃጁም የተማረው ሰው ነበር። ሕዝቡ መልስ ሰጪ ነው። መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ መወሰን ሌላ ነገር ነው።

እርከኑ ለምን ፈረሰ?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ። በየ20 ጋሻ መሬት፣ ማለትም በየ800 ሄክታሩ፣ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ገበሬው የራሱን ሊቀ መንበር መረጠ። ብዙ ሰው «እንግዲህ እቅዱ የእኛ ሆነ» አለ።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። የገበሬ ማኅበራት ዳስ ጣሉ። ጥቁር ሰሌዳ ሠሩ። ትምህርቱ በአማርኛ ብቻ አልቀረም፤ እያደር በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ። ማኅይምነት ሲቀንስ ቤተሰቡ ሁሉ ያየዋል። ሰው የልጁን ደብዳቤ ራሱ ሲያነብ ጥቅሙን ማንም ሊነግረው አያሻም።

የእርከኑ ነገር ግን ሌላ ሆነ። የደጋው አፈር በጎርፍ ይታጠብ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም የምግብ ፕሮግራም በሰጠው እህል ትልቅ የአፈር ጥበቃ ሥራ ተጀመረ። ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና ጥቂት ዘይት ይከፈል ነበር። በተራራው ላይ እርከን ተሠራ። ዛፍ ተተከለ። በኪሎ ሜትር ሲቆጠር እጅግ ብዙ ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? የሚሠራው ነገር በአብዛኛው ከላይ ተቆርጦ ይመጣ ነበር። የእርከኑ ቦታና ርቀት በመሥሪያ ቤት ይወሰናል። ገበሬው ግን የሚናገረው ነበረው። «እርከኑ ጠባቧን ማሳዬን በላት። በሬዎቼን የማዞርበት ቦታ አጣሁ። በድንጋዩ ውስጥ አይጥ ረባብኝ። ዛፉስ ሲደርስ የማን ነው? የእኔ ነው ወይስ የመንግሥት?» ጥያቄው ጥሩ ነበር። ሰሚ ግን አላገኘም።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፤ ዛፉ ተቆረጠ። ሰዉ ክፉ ስለሆነ ነው እንዴ? አይደለም። አፈሩ መታጠቡን ከገበሬው በላይ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ሥራው የስንዴው እንጂ የእሱ አልነበረም። ስንዴው ሲቆም ሥራው ቆመ። በአንጻሩ ገበሬው ጥቅሙን አይቶ ራሱ ያቆየው እርከንም በየቦታው ነበር።

በመሬት ላይ የተሳለ ካርታ

እዚህ ላይ ከወሎ የተገኘ አንድ መልካም ታሪክ አለ። በ1981 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ባለሙያዎች ከውጭ አገር አጥኚዎች ጋር ሆነው ወደ ወሎ የገበሬ ማኅበራት ሄዱ። ረጅም መጠይቅ ይዘው አልሄዱም። ከገበሬዎቹ ጋር ከተራራው ጫፍ እስከ ሸለቆው ድረስ በእግራቸው ወረዱ። እየወረዱም አፈሩን፣ ውኃውን፣ ዛፉን እያዩ ተነጋገሩ።

ከዚያ ገበሬዎቹ አካባቢያቸውን ራሳቸው እንዲያሳዩ ተደረገ። ካርታ ይሳላል። የረሀቡ ወር የትኛው እንደሆነ፣ ሥራ የሚበዛበት ወር የትኛው እንደሆነ በወራት ተራ ይዘረዘራል። ችግሮች ተነጻጽረው የቱ እንደሚብስ ይወሰናል።

የዚህ ዘዴ ጥበብ ምንድን ነው? ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ያቅዳል። ካርታው በአፈር ላይ በእንጨት ጫፍ ይሳላል። ጠጠር ቤት ይሆናል፤ ቅጠል ዛፍ ይሆናል፤ ባቄላ መቁጠሪያ ይሆናል። እንጨቱን የያዘው ገበሬው ሲሆን፣ ባለሙያው ዝም ብሎ ያያል። ሌላው ጎረቤት ደግሞ «ቆይ፣ ምንጩ እዚህ አይደለም፤ ወደ ታች ነው» ብሎ ያርማል። ይህ ዘዴ ከወሎ ብቻ ሳይሆን በኬንያና በሕንድም በዚያው ጊዜ እየተስፋፋ ነበር።

ደግሞ በዚያው በ1981 ዓ.ም. ገደማ በብራዚል አገር ፖርቶ አሌግሬ በተባለች ከተማ ሌላ ነገር ተጀመረ። የየሠፈሩ ነዋሪ ተሰብስቦ የከተማው ገንዘብ በምን ላይ ይውል የሚለውን ይወስን ጀመር። ድሆች ምን መረጡ መሰላችሁ? የቧንቧ ውኃ፣ የፍሳሽ ማስወገጃ፣ የሠፈር መንገድ። በከተማው ካርታ ላይ ብዙም ያልታዩ ሠፈሮች ውኃ አገኙ።

ስም በአደባባይ ሲነበብ

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የድህነት ቅነሳ ፕሮግራም ሲያዘጋጅ በ117 ወረዳዎች ሕዝብን ሰብስቦ አወያይቶ ነበር። ይህ መልካም ጅምር ነው። ግን አንድ ስብሰባ በአንድ ቀን ተካሂዶ ሲያበቃ፣ የተናገርነው ነገር ከምን እንደደረሰ የሚነግረን ከሌለ፣ ውይይቱ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲ ኔት የምንለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ተጀመረ። በጎንደር ደጋና ወይና ደጋ እንደ ጃናሞራ፣ በየዳና በለሳ ያሉ ወረዳዎች ገብተውበታል። በዚህ ፕሮግራም መሥራት የሚችል ሰው ለማኅበረሰቡ በሚጠቅም ሥራ ላይ ይሰማራል። አንድ ሰው በወር አምስት ቀን ሠርቶ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል። ሽማግሌና በሽተኛ ያለ ሥራ ይረዳል።

ማን ይግባ የሚለውን የሚለየው ጎረቤት ነው። በየመንደሩ ኮሚቴ ይመረጣል። ስሙ ይጻፋል። ከዚያ ስሙ በስብሰባ ላይ ይነበባል። «እገሌ እኮ አራት በሬ አለው!» የሚል ሰው ካለ ይናገራል። «እኔ ድሀዋ ለምን ቀረሁ?» የምትል ካለች ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ታመለክታለች። ሥራውም በተፋሰስ ይታቀዳል። ተፋሰስ ማለት ዝናቡ ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበት አገር ነው። በዚያው በ1997 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ መሠረት፣ በዚያ ተፋሰስ የሚኖር ሕዝብ ራሱ ከባለሙያ ጋር ሆኖ ያቅዳል።

በወረቀት ላይ ደንቡ ጥሩ ነው። በመንደር ግን ፈተና አለው። ዘመድ ለዘመዱ ያደላል። ድሀ ሰው ባለጸጋውን ጎረቤቱን በአደባባይ ለመክሰስ ይፈራል፤ ነገ በሬ የሚለምነው ከእሱ ነውና። ስለዚህ ደንብ ብቻ አይበቃም። ደንቡን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

ገንዘቡን ማን ይይዛል?

አሁን ወደ ውኃ እንምጣ። በአማራ ክልል ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በፊንላንድ መንግሥት እርዳታ የገጠር ውኃ ሥራ ይሠራ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ አሠራሩ ተለወጠ። ከዚያ በፊት መሥሪያ ቤቱ ሲሚንቶ ይገዛል፤ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ጉድጓዱን ቆፍሮ ያስረክባል። ከዚያ ወዲህ ግን ገንዘቡ ለሕዝቡ በእጁ ተሰጠ።

እንዴት? መጀመሪያ የመንደሩ ሰዎች ተነጋግረው ለወረዳው ያመለክታሉ። የውኃ ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ በኮሚቴው ሴቶችም ይገባሉ። ማመልከቻው ሲፈቀድ ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለኮሚቴው ይደርሳል። ይህ ተቋም ዛሬ ጸደይ ባንክ የተባለው ነው። ኮሚቴው ራሱ ሲሚንቶ ይገዛል፤ ራሱ ግንበኛ ይቀጥራል። ሕዝቡ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፤ ጉልበቱን ይሰጣል። ለጥገና የሚሆን ገንዘብም አዋጥቶ ያስቀምጣል።

በመጀመሪያ ብዙ ሰው ፈርቶ ነበር። «ገበሬ እንዲህ ያለ ገንዘብ ይዞ ምን ያደርገዋል?» ያለ አልጠፋም። ኋላ ግን በዚህ መንገድ ከተሠሩት የውኃ ተቋማት አብዛኞቹ ሳይበላሹ ማገልገላቸው ታየ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፓምፑ ሲሰበር ሰዉ መሥሪያ ቤት እስኪመጣ አይጠብቅም። የራሱ ነዋ! ሲሚንቶው ስንት እንደተገዛ ያውቃል። ደረሰኙም በመንደሩ ሰው እጅ አለ።

የስሜን ተራሮች ነገር

ከዚህ ሁሉ ከባዱ ግን የስሜን ተራሮች ታሪክ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከለለ። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዋልያውና ቀይ ቀበሮው የዓለም ሀብት ናቸው። በዚያው ተራራ ግን ገብስ የሚዘራና በግ የሚያረባ ሕዝብም ነበር። በደርግ ዘመን ከፓርኩ ሰሜናዊ ቁልቁለት ብዙ ሰዎች ሳይጠየቁ በግዴታ ተነሡ። ቂሙ ለዓመታት ቆየ።

በ1989 ዓ.ም. ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ከፓርኩ የሚጠቀምበት መንገድ ተፈለገ። በደባርቅ አስጎብኚዎች፣ ምግብ አብሳዮችና በቅሎ አከራዮች ተደራጅተው በተራ ይሠሩ ጀመር። የበቅሎ ባለቤቱ ተራው ሲደርስ ገንዘብ ያገኛል። ስለዚህ ዋልያው ቢጠፋ የሚጎዳው እሱ እንደሆነ አወቀ።

በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ መካከል የነበረችው የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ተነሡ። ከ400 በላይ ቤተሰብ ነው። ይህኛው እንደ ድሮው አልነበረም፤ ረጅም ውይይት ተደርጓል፤ ካሣም ተከፍሏል። በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለተራራው ደስ የሚል ነው። ለሰዉስ? ከብትና ገብስ ብቻ የሚያውቅ ገበሬ ከተማ ገብቶ በምን ይኖራል? ካሣ ያልቃል፤ ሙያ ግን በአንድ ዓመት አይገኝም። እንግዲህ እቅድ ስንል «ትነሣላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይደለም። «ከተነሣችሁ በኋላ በአምስተኛው ዓመት ምን ትበላላችሁ?» የሚለውን አብሮ ማሰብ ነው።

ከታሪኩ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ሕዝብ ሲባል ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። በስብሰባው የመጡት ወንዶች ብቻ ከሆኑ ውኃ ቀጂዋ አልተጠየቀችም ማለት ነው። እረኛው አልተጠየቀም። ሸክላ ሠሪዋ አልተጠየቀችም። የድሮው ሸንጎ ጉድለት በአዲሱም ስብሰባ እንዳይደገም።

ሁለተኛ፣ ባለሙያው ይናቅ ማለት አይደለም። የጉድጓዱን ጥልቀትና የውኃውን ንጽሕና ባለሙያ ያውቃል። ውኃ የሚጠጣውን አፈር ደግሞ እኒያ እናት ያውቃሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ኩሬው ውኃ ይይዛል።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡንና ሒሳቡን እወቁ። የሥራውን ዋጋ የማያውቅ ሰው ባለቤት አይሆንም።

አራተኛ፣ ወረቀቱን አንብቡ። ይህን የምለው ለእናንተ ለአዲስ አንባቢዎች ነው። ከእንግዲህ ወረቀት ሲቀርብላችሁ ጣታችሁን ከመንከራችሁ በፊት «እስቲ ላንብበው» በሉ። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ያላላችሁት ከተጻፈ «ይህን አላልሁም» በሉ። የማያነብ ጎረቤት ካላችሁ አንብቡለት።

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ልማዴን ለውጫለሁ። ቃለ ጉባኤ ስጽፍ፣ ሰዉ ሳይነሣ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። የተቃወመም ካለ ተቃውሞውን እጽፋለሁ። አንድ ቀን ሳነብ እኒያው እናት ከኋላ ተቀምጠው ነበር። አንብቤ ስጨርስ «እሱን ከሦስተኛው መስመር ድገመው እስቲ፣ ልጄ» አሉኝ። ደገምሁት። «እሱስ ልክ ነው፤ ግን ምንጩ ከዋርካው በላይ ነው ብለህ ጨምር» አሉ። ጨመርሁ። ከዚያ ጣታቸውን አነሡ።



ተወያዩ፦

1. በቀበሌያችሁ ወይም በሠፈራችሁ በቅርቡ የተሠራ ሥራ የትኛው ነው? እቅዱን ያወጣው ማን ነው?

2. የ1970ዎቹ እርከን በብዙ ቦታ ለምን ፈረሰ? ሳይፈርስ የቀረ በአካባቢያችሁ አለ? ለምን ቀረ?

3. በመጨረሻው ስብሰባችሁ ያልተናገረ ማን ነበር? እንዲናገር ምን ይደረግ?

4. የመንደራችሁን ካርታ በመሬት ላይ በእንጨት ሳሉ። ምንጩን፣ መንገዱን፣ ትምህርት ቤቱንና ጎርፍ የሚወርድበትን አሳዩ። ከዚያ ስሞቹን በደብተራችሁ ጻፉ።